ቀድሞ የጨረሰ ተማሪ ምን ይሥራ?

በተጨናነቀ የአንደኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ፈጣን ተማሪዎችን ስለ መርዳት



በካኩማ የምንኖር መምህራን ስንገናኝ ብዙውን ጊዜ የምንወያየው ወደ ኋላ ስለ ቀሩ ተማሪዎች ነው። ማንበብ ያቃተው፣ እንግሊዝኛው ያልገባው፣ ከትምህርት ቤት የራቀው ልጅ ያሳስበናል፤ ሊያሳስበንም ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ግን ብዙም ስለማይወራለት ሌላ ልጅ ላነሣ እወዳለሁ። እርሱም መምህሩ ጥያቄውን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን ያገኘው፣ ጓደኞቹ ሲሠሩ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው ወይም የሚረብሸው ልጅ ነው። ስለዚህ ልጅ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ከዚያው እጀምራለሁ።

«የቀሩትም ያው ናቸው»

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። በክፍሉ ውስጥ ከመቶ በላይ ተማሪዎች ነበሩ። ከነርሱም አንዱ የአገራችን ልጅ ሲሆን፣ እኔ በማስተምርበት ሰዓት ከሽቦና ከቆርቆሮ ትንንሽ መኪና ሲሠራ ደጋግሜ ይዤዋለሁ። አንድ ቀን ሠላሳ የማባዛት ጥያቄዎች ሰጥቼ በመካከላቸው ስዞር፣ እርሱ አምስቱን ብቻ ሠርቶ መቀመጡን አየሁ። ለምን እንዳልጨረሰ ብጠይቀው፣ «ቲቸር፣ የቀሩትም እኮ ያው ናቸው» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም የተናቅሁ መስሎኝ ከክፍል አስወጥቼ ፀሐይ ላይ አንበረከክሁት። አምስቱ መልሶች ሁሉም ትክክል መሆናቸውን ያየሁት ማታ ቤቴ ገብቼ ደብተሩን ስመለከት ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይቀራል፤ በመጨረሻም ጨርሶ ቀረ። ከወራት በኋላ እህል ማደያው አካባቢ አገኘሁት። ሽማግሌዎችና እናቶች ከብበውት፣ ለአንድ ሰው የተመደበውን ኪሎ በየቤተሰባቸው ብዛት እያባዛ ስንት ሊደርሳቸው እንደሚገባ ይነግራቸዋል። ወረቀት አልያዘም። እኔ ክፍል ውስጥ «ሰነፍና ረባሽ» ብዬ የመዘገብሁትን ልጅ፣ ወገኖቹ የሒሳብ አዋቂያቸው አድርገውት ነበር። እናቱን ለማነጋገር ቤታቸው ሄድሁ። «መምህር፣ ምን ላድርገው? እዚያ ሄጄ የማውቀውን ነው የሚያስተምሩኝ አለኝ፤ እዚህ ደግሞ ሱቅ ሠርቶ ያመጣልኛል» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁ አልተመለሰም። ዛሬ በገበያው ውስጥ የሰው ሱቅ ይጠብቃል፤ ሲያየኝ አሁንም «ቲቸር» እያለ በአክብሮት ሰላምታ ይሰጠኛል።

ፈጣን ተማሪ የምንለው ማንን ነው?

ብዙዎቻችን ፈጣን ተማሪ ሲባል ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣውን ብቻ እናስባለን። አንደኛ የሚወጣው ልጅ ፈጣን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ታዛዥ፣ ጽሑፉ የሚያምርና በትጋት የሚያጠና ስለሆነም አንደኛ ሊወጣ ይችላል። በአንጻሩ ፈጣኑ ልጅ ከክፍሉ ሃምሳኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከማርክ በተጨማሪ የሚከተሉትን ምልክቶች ማየት ይጠቅማል።

አንደኛ፣ «ለምን?» እና «እንዲህ ቢሆንስ?» እያለ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ መምህሩ ባላሳየው መንገድ ወደ ትክክለኛው መልስ ይደርሳል። ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ የተነገረውን ይይዛል፤ ሲደገምበት ይሰለቻል። አራተኛ፣ ከትምህርት ቤት ውጭ ከዕድሜው በላይ የሆነ ነገር ይሠራል፤ ሬዲዮ ይፈታታል፣ እናቱን ክሊኒክ ወስዶ በሦስት ቋንቋ ያስተረጉማል፣ የሱቅ ዱቤ በቃሉ ይይዛል። አምስተኛ፣ አንዳንዱ ጨርሶ ዝም ይላል። በተለይ ልጃገረዶች «አዋቂ ነኝ ባይ» እንዳይባሉ የሚያውቁትን ደብቀው ከኋላ ይቀመጣሉ። የማየት፣ የመስማት ወይም የመንቀሳቀስ ችግር ያለበት ልጅም በጉዳቱ ብቻ ስለሚታይ ችሎታው ይሸፈናል።

ከሁሉም በላይ በእኛ ካምፕ ፈጣኑን ልጅ የሚሸፍነው ቋንቋ ነው። በካኩማ የሚሰጠው ትምህርት የኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ሲሆን፣ መማሪያው በዋናነት እንግሊዝኛ ነው፤ ኪስዋሂሊም እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። አገር ቤት በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ እስከ አምስተኛ ክፍል የተማረ ልጅ እዚህ ሲደርስ፣ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ከትንንሽ ልጆች ጋር አንደኛ ወይም ሁለተኛ ክፍል ሊመደብ ይችላል። ልጁ ያጣው ቋንቋውን እንጂ ዕውቀቱን አይደለም። እኛ ግን ሁለቱን አንድ አድርገን እናያለን።

«ጎበዝ ራሱን ይችላል» የሚለው አስተሳሰብ

መምህራን ብዙ ጊዜ «ጎበዝ ተማሪ ራሱን ይችላል፤ እኔ የሚያስፈልገኝ ለደካማው ነው» እንላለን። ይህ በከፊል እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮችን ያስረሳል።

የመጀመሪያው፣ ሁልጊዜ ቀላል ነገር ብቻ የሚሰጠው ልጅ መድከምን አይማርም። እስከ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ሳያጠና ያልፋል። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ሲከብድ ያልለመደው ነገር ስለሚሆንበት፣ «ለካ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለተኛው፣ ሥራ የፈታ ልጅ ሥራ ይፈልጋል፤ ጎረቤቱን ይነካል፣ ያወራል፣ ያስቃል። ስለዚህም ለአንድ ልጅ ሥራ አለመስጠት የመቶውን ትምህርት ያውካል። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ በካምፕ ሕይወት ውስጥ ልጅን ከትምህርት ቤት የሚስብ ነገር ብዙ ነው። ሱቁ፣ ሻይ ቤቱ፣ ውኃ መቅዳቱ፣ ታናናሾችን መጠበቁ ሁሉ ይጠራዋል። በትምህርት ቤት አዲስ ነገር የማያገኝ ልጅ ለመቅረት ትንሽ ምክንያት ይበቃዋል።

እዚህ ላይ «ደካማው እያለ ለጎበዙ ማሰብ አድልዎ አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ29ኛው አንቀጽ፣ ትምህርት የልጁን ሰብእና፣ ተሰጥዎና ችሎታ እስከሚችለው ድረስ ለማሳደግ የታለመ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ ለሁሉም ልጅ ነው። ሁሉንም እኩል ማየት ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ መስጠት ማለት አይደለም። ለትንሹም ለትልቁም አንድ ቁጥር ጫማ የሚያድል ሰው እኩል አደለ እንጂ ሁሉንም አላጫማም። ቀጥሎ እንደምናየው ደግሞ፣ ለፈጣኑ የምናደርገው አብዛኛው ነገር ከደካማው ላይ የሚቀንሰው የለም።

አባቶቻችንስ እንዴት ያስተምሩ ነበር?

ልጅን እንደ እርምጃው ማስተማር ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። የኔታ ዘንድ የተማረ ሰው ያስታውሳል፤ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ፊደል ሲቆጥር ሌላው አቡጊዳ ይላል፤ ሌላው ፊደለ ሐዋርያ ያነባል፤ ሌላው ዳዊት ይደግማል። ያወቀው ያልፋል እንጂ ያላወቀውን ቆሞ አይጠብቅም። ከፍ ያለውም ታናሹን ያስቀጽላል። በቁርኣን ቤትም ልጁ በሉሑ ላይ የተጻፈለትን ሲያውቅ ጽሑፉ ታጥቦ ቀጣዩ ይጻፍለታል እንጂ የጎረቤቱን ሉሕ አይጠብቅም። በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችንም ጎበዝ ተማሪ በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል የሚሻገርበት ጊዜ ነበር፤ «ደብል መታ» ይባል የነበረውን ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ስለዚህ ሐሳቡ የራሳችን ነው። የጎደለን፣ ከመቶ በላይ ልጆች በአንድ ሰሌዳ ፊት ሲቀመጡ እንዴት እንደምንሠራበት ማወቅ ነው።

ያለ ገንዘብ ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች

የኢንሰንቲቭ መምህር ተጨማሪ መጽሐፍ የሚገዛበት ገንዘብ፣ ተጨማሪ ክፍል የሚሠራበት ሥልጣን የለውም። ከዚህ በታች ያሉት ጠመኔ፣ ደብተርና ጥቂት ማሰብ ብቻ የሚጠይቁ ናቸው። አብዛኞቹን ሞክሬአቸዋለሁ።

1ኛ. ከማስተማር በፊት መፈተሽ። አዲስ ምዕራፍ ሲጀመር፣ ከመልመጃው መጨረሻ ያሉትን አምስት ከባድ ጥያቄዎች በሰሌዳ ላይ ጽፎ «የሚችል ይሞክር» ማለት ነው። ያልቻለ አይቀጣም፣ ማርክም አይያዝበትም። ከአምስቱ አራቱን በትክክል የሠራ ልጅ ያንን ምዕራፍ ያውቀዋል ማለት ነው። ሌሎቹ ሠላሳውን ጥያቄ ሲለማመዱ እርሱ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ያንን የሽቦ መኪና ሠሪ ልጅ በዚህ መንገድ ፈትሼው ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት አውቀው ነበር።

2ኛ. ጥልቅ እንጂ ብዙ አለመስጠት። ቀድሞ ለጨረሰ ልጅ ተመሳሳይ ሃያ ጥያቄ መጨመር ቅጣት ነው። ልጁም በሁለተኛው ቀን ቀስ ብሎ መሥራትን ይማራል። የሚሻለው ያንኑ ጥያቄ ገልብጦ መስጠት ነው። ለምሳሌ ክፍሉ 24 ሲባዛ በ15 ስንት እንደሆነ ይሠራል፤ መልሱ 360 ነው። ለፈጣኑ ልጅ ግን፣ «ሲባዙ 360 የሚሰጡ ሌሎች ጥንድ ቁጥሮችን ፈልግ፤ ሁሉንም ስለማግኘትህ እንዴት እርግጠኛ ትሆናለህ?» ይባላል። ጥንዶቹ ከ1 ሲባዛ በ360 ጀምሮ እስከ 18 ሲባዛ በ20 ድረስ 12 ናቸው። እነዚህን በሥርዓት መፈለግ ልጁን ግማሽ ሰዓት ያሠራዋል፤ ማካፈልንም ሳይነገረው ይለማመዳል። ከመምህሩ የሚፈልገው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

በቋንቋ ትምህርትም እንዲሁ ነው። ክፍሉ የመጽሐፉን ምንባብ ሲገለብጥ፣ ፈጣኑ ልጅ አያቱ የነገሩትን ተረት በእንግሊዝኛ ጽፎ እንዲያመጣ ይደረጋል። በኋላ ለክፍሉ ሲነበብ ሁሉም ይጠቀማሉ።

በሳይንስ ደግሞ ካምፓችን ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። ቀጥ ያለ ዱላ በግቢው መሬት ላይ ተተክሎ፣ ልጁ ቀትር ላይ ጥላው አጭር የሚሆንበትን ቦታ በየወሩ በድንጋይ ምልክት ያድርግ። ሁለት ነገሮችን ራሱ ይደርስባቸዋል። አንደኛ፣ ጥላው እጅግ የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን ከዚያ አልፎ ነው፤ ምክንያቱም ካኩማ የኬንያ ሰዓት ከተሠራበት የኬንትሮስ መስመር በስተ ምዕራብ ስለሚገኝ ፀሐይ ዘግይታ ትደርስበታለች። ሁለተኛ፣ በዲሴምበር ወደ ሰሜን ይወድቅ የነበረው የቀትር ጥላ በጁን ወደ ደቡብ ዞሮ ይገኛል። ካኩማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን አራት ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ስለሆነ ፀሐይ በማርች መጨረሻና በሴፕቴምበር አጋማሽ ገደማ በአናታችን ላይ ታልፋለች። ይህንን በመጽሐፍ ያነበበ ልጅ ይረሳዋል፤ በድንጋይ ምልክት ያደረገ ልጅ ግን አይረሳውም።

3ኛ. አስጠኚ ማድረግ፣ ሎሌ አለማድረግ። ፈጣኑ ልጅ አምስት ስድስት ልጆችን ይዞ ቢያስጠና ለነርሱም ለራሱም ይበጃል፤ የሚያስረዳ ሰው ራሱ ይበልጥ ይረዳልና። ነገር ግን እዚህ ላይ ሁላችንም የምንሳሳተው ነገር አለ። ልጁን ሰሌዳ አጥፊ፣ ደብተር ሰብሳቢ፣ አለንጋ ያዥና ስም መዝጋቢ እናደርገዋለን። ያን ጊዜ ልጁ ከመማር ይልቅ የመምህሩ ረዳት ሆኖ ይቀራል፤ ጓደኞቹም ይጠሉታል። በእኔ ልማድ አንድ ልጅ በሳምንት ከሁለት ክፍለ ጊዜ በላይ እንዲያስጠና አላደርግም፤ ከአለቃነትና ከቅጣት ሥራም ጨርሶ አርቀዋለሁ። ቀሪው ጊዜ የራሱ ትምህርት ነው።

4ኛ. ለአንድ ትምህርት ብቻ ከፍ ወዳለ ክፍል መላክ። ልጁ በሒሳብ ብቻ የሚፈጥን ከሆነ በሌላው ትምህርት ከክፍሉ ጋር ቆይቶ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከላይኛው ክፍል ጋር ሊቀመጥ ይችላል። ለዚህ የርእሰ መምህሩ ፈቃድና የሁለቱ መምህራን ስምምነት ያስፈልጋል፤ የሁለቱ ክፍሎች የሒሳብ ሰዓትም መገጣጠም አለበት።

5ኛ. ሙሉ በሙሉ ክፍል ማሻገር። ይህ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልጁ በሁሉም ትምህርት የላይኛውን ክፍል ፈተና ሊሞክር ይገባል፤ የጎደለው ነገር ካለ ተለይቶ ሊሟላለት ይገባል፤ ወላጁም ልጁም ሊስማሙ ይገባል። ለጥቂት ሳምንታት በሙከራ ቢቆይና ካልተመቸው ያለ ኀፍረት እንዲመለስ በር ቢተውለት መልካም ነው። ከዕድሜው በታች ለተመደበ ልጅ ግን መሻገሩ ወደ እኩዮቹ መመለስ ስለሆነ ፈጥኖ ቢታሰብበት ይበጃል።

የአንዲት ልጅ ምሳሌ

ከዚያ ልጅ በኋላ በነበረው ዓመት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከአገር ቤት መጥታ ሁለተኛ ክፍል ተመደበች። ከፊት ያሉት ልጆች እንዳያዩ ስለምትከለክላቸው ከኋላ ትቀመጣለች። አትናገርም። የክፍሉ መምህርት የሌላ አገር ሰው ስለነበሩ «ምንም አታውቅም» ብለው አዝነውላት ነበር። በእረፍት ሰዓት ጠርቼ በአማርኛ አነጋገርኋት። ረጅሙን ማካፈል ጻፍሁላት፤ ቀሪውን ጨምራ ሠራችው። ክፍልፋይ ሰጠኋት፤ እርሱንም ሠራች። መምህርቷን ጠርቼ ወረቀቱን ባሳያቸው እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ።

ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረን፣ በሒሳብ አራተኛ ክፍል እንድትገባ፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ ባለችበት እንድትቆይ ተደረገ። የሒሳብ ቃላትን በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጎን ለጎን በአንድ ትንሽ ደብተር ጻፍንላት። ከአንድ ተርም በኋላ በሁሉም ትምህርት አራተኛ ክፍል ገባች። በዚህ ሁሉ ውስጥ የወጣ ገንዘብ ቢኖር የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። የጠፋው ጊዜም አንድ የሻይ እረፍት ነው። ያንን የመጀመሪያውን ልጅ ያጣሁት ይህችን ያህል ጊዜ ነፍጌው ነበር።

መዝገብ መያዝ ለምን አስፈለገ?

የኬንያ መንግሥት ከ1985 ጀምሮ ይሠራበት የነበረውን የ8-4-4 ሥርዓት በችሎታ ላይ በተመሠረተ ሥርዓት መተካቱ ይታወቃል። የስምንተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2023 ሲሆን፣ የስድስተኛ ክፍል ምዘና የተጀመረው በ2022 ነው። ዘመኖቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። በቀድሞው ሥርዓት አንድ ፈጣን ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቢሰላችም በመጨረሻው ፈተና ጥሩ ውጤት አምጥቶ ሊታይ ይችል ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ግን በየጊዜው በትምህርት ቤት የሚደረገው ምዘናም ይቈጠራል። ስለዚህ «ሰነፍና ረባሽ» ተብሎ የተመዘገበ ልጅ እስከ መጨረሻው ፈተና ድረስ መጠበቅ አያዋጣውም። መምህሩ ልጁ በራሱ የሠራውን ሥራ በቀንና በርእስ መዝግቦ ቢይዝ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ቢቀይር እንኳ ማንነቱ አብሮት ይሄዳል።

ነገሩ ከአንደኛ ደረጃ ያልፋል። ለስደተኞች የከፍተኛ ትምህርት ዕድል የሚሰጠውና በአልበርት አይንሽታይን ስም የሚጠራው ዳፊ የተባለው ስኮላርሺፕ ከ1992 ጀምሮ አለ። አይንሽታይን ራሱ ከአገሩ የተሰደደ ሰው ነበር። ወደ ካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወስደው የስደተኛ ተማሪዎች ፕሮግራምም የተጀመረው በ1978 ነው። ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው። ወደዚያ የሚደርሰው ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ላይ ተሰላችቶ የወጣ ልጅ ግን ማመልከቻውን የሚጽፍበት ቀን አይደርስም።

ለወላጆች ጥቂት ምክር

አገር ቤት የተማረበት ሰርተፊኬት ካለ ይዛችሁ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱ። ወረቀቱ በመንገድ ጠፍቶ ከሆነም እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማረ በቃል ተናገሩ፤ በቋንቋው እንዲፈተንም ጠይቁ። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ የአገር ልጅ የሆነ መምህር አይጠፋም።

በትምህርት ሰዓት ለማስተርጎም ወይም ለሰልፍ ብላችሁ ከክፍል አታስወጡት። ቋንቋ የሚችለው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቀረው በችሎታው ምክንያት ነው።

«አንተማ አዋቂ ነህ» እያላችሁ ብቻ አታወድሱት። «ይህን ያህል ደክመህ ሠራኸው» ብላችሁ ድካሙን አመስግኑ። ከወንድሙና ከእህቱ ጋርም አታወዳድሩት፤ ሁለቱንም ይጎዳል።

ልጃገረድ ከሆነች የቤቱን ሥራ ከወንድሞቿ ጋር አካፍሏት። ብርሃን ሳለ አንድ ሰዓት ብቻ ብታገኝ ብዙ ታነባለች።

በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋችሁ ማንበብና መጻፍ እንዳይረሳ አድርጉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያስብ ልጅ እንግሊዝኛውን ሲያገኝ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል።

በካምፑ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ የነበሩ፣ መካኒኮች፣ ነርሶችና የቀድሞ መምህራን አሉ። ከመካከላቸው አንዱ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ወይም አራት ልጆችን ቢያቀርብ፣ ትምህርት ቤቱ ሊሰጥ የማይችለውን ይሰጣል። የብሎክ መሪዎች ይህን ለማገናኘት የተሻለ ዕድል አላቸው።

በመጨረሻም ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ላሳስብ። ከመቶ በላይ ልጆችን ይዞ ማስተማር ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ። ሁሉንም ልጅ በየቀኑ ማየት አይቻልም። ነገር ግን ነገ ጠዋት ስንገባ አምስቱን ከባድ ጥያቄዎች መጀመሪያ ብንጽፍና ማን እንደሚሠራቸው ብናይ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድም። አንድ ልጅ «የቀሩትም ያው ናቸው» ቢለን ከመቆጣታችን በፊት ደብተሩን እንመልከት። መልሶቹ ትክክል ከሆኑ ልጁ እውነቱን ነው፤ ሌላ ጥያቄ ማዘጋጀት የእኛ ሥራ ነው።